የውበቴ ክንድና የውሻዋ አፍንጫ

ቢቸና ውስጥ በውበቴ እጅ ያላለፈ የሴት ጭንቅላት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሹሩባ ሠሪ ናት። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ በሁለት ክፍል ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ የደንበኛዋን ራስ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ ጠጉር የምትከፍልበትን ወስፌዋን በጥርሷ ነክሳ ስትሠራ ያላየ የለም። ነርሷ፣ የፖሊሱ ሚስት፣ የቄሱ ልጅ፣ ሙሽራዋ፣ ሚዜዋ ሁሉም እዚያው ጉልበት ሥር ነው የሚቀመጡት። የከተማው ወሬም እዚያው ነው የሚራገፈው። እሷ ግን ትሰማለች እንጂ አታወራም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ገመና ስትሰማ ኖራ አንዲት ቃል አላፈተለከችባትም።

ታዲያ ጨዋነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሷም የምትደብቀው ነበራት።

ውበቴ የሞጣ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ከእናቷ ቤት ጓሮ አንዲት ጎጆ ነበረች፣ በዚያች ጎጆ ውስጥ የእናቷ አባት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እህላቸው በራሳቸው ገበታ፣ ውሃቸው በራሳቸው ቅል ይደርሳቸዋል። ልጆች እንዳይጠጓቸው ይጠበቃሉ። ውበቴ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ቅሉን በሁለት መዳፋቸው ጨብጠው ሲጠጡ አየቻቸው፣ ጣቶቻቸው የሉም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና አንድ ማለዳ ብትነሣ ጎጆዋ ባዶ ናት። ጠበል ሄዱ ተባለ፣ በዚያው ቀሩ። እናቷ ጆሮዋን ቆንጥጣ፣ ሰው ከጠየቀሽ በረሃ ወርደው ወባ ገደላቸው ትያለሽ አለቻት። ውበቴም እንደተባለችው አለች። ላገባት ለወልደ ኪዳንም ይህንኑ ነገረችው፣ ሰውየው ሌላ ሳይሰማ ሞተ። ለአንድ ልጇ ለመክሊትም ከዚህ የተለየ አልነገረቻትም።

ምን እንዲህ አስደበቃት የሚል ካለ ያን አገር አያውቀውም። እዚያ ልጅ ሲዳር ከሀብቱም ከመልኩም በፊት የሚጠየቀው ዘር ነው። ቁምጥና ከዘር ዘር ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። ሐኪሙ በሽታው በመድኃኒት ይድናል፣ ዘርም አይቆጥርም ብሎ ቢለፈልፍ ራሱን እየነቀነቀ የሚሰማው እንጂ ልጁን የሚሰጥ የለም። አንድ ሰው ከዚያ ቤት ቆማጣ ነበር ካለ በቃ፣ የልጅ ልጅም ቆሞ ይቀራል።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመክሊት ነገር መጣ። መክሊት ሉማሜ አስተማሪ ናት፣ እዚያው አብሯት የሚያስተምር ሽታሁን የሚባል ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። እንግዲህ የውበቴን ዕድል እዩት፣ ስንት አገር እያለ የልጁ ቤተሰቦች ሞጣ ናቸው። አባቱ አቶ ሣህለ ማርያም ሽማግሌ ልከው፣ ራሳቸውም ቄስ አስከትለው መጡ። ከዘራችሁ ደዌ አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ቄሱ ወንጌሉን ዘረጉ። ውበቴ ቀኝ እጇን ወንጌሉ ላይ አሳርፋ፣ የለም ብላ ማለች። ሠርጉ ለጥር ሃያ አራት ተቆረጠ።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ። ወልደ ኪዳን የሞተ ዓመት ከጎረቤት ቡችላ ወስዳ አሳደገች፣ ስሙንም ምን ቀረኝ አለችው። ሰው ያዘነውንም የተቀየመውንም በውሻው ስም ይናገር የለም? ምን ቀረኝ አፉ ትልቅ፣ ልቡ ትንሽ ውሻ ነው። ለማኝ ሲያይ ይጮኻል፣ ዶሮ ሲያይ ይሸሻል። የሚወደው ነገር ደግሞ ቅቤ ነው። ሹሩባ ሲሠራ ቅቤው ከመዳፍ አልፎ እስከ ክርን ይወርዳል፣ ያን ለማስለቀቅ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያስፈልጋል። ውበቴ ግን የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁለት እጇን ትዘረጋለታለች። እሱም ከጣት እስከ ክርን ልሶ ልሶ ሲያጠራው ከዚያ በኋላ ትታጠባለች። በጾሙም ቅቤ የሚበላ የቤቱ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይህን ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። ውሻ የላሰው እጅ ራሴን ይንካኝ የምትል ሴት ቢቸና ውስጥ የለችማ።

ኅዳር ሲገባ የምን ቀረኝ አፍንጫ ዙሪያ ጠጉሩ መርገፍ ጀመረ። ቀጥሎ ከጆሮው ሥር፣ ቀጥሎ ከዓይኑ በላይ። ክብ ክብ እየሆነ ይላጣል፣ ቆዳው አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ጎረቤቷ ወይንእሸት አይታ፣ እከክ ነው፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢው አለቻት። ያገሬው መድኃኒት ይኸው ነው። ውበቴ ከጋራዥ በጣሳ ዘይት አስመጥታ፣ ውሻውን በጉልበቷ ይዛ፣ በባዶ እጇ ፊቱን አሸችው። ውሻው አለቀሰ፣ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ይቅር ብሏት ማታውኑ ቅቤውን ላሰ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ በቀኝ ክንዷ ከውስጥ በኩል አንድ ነገር ወጣ። ሃምሳ ሳንቲም የምታህል ክብ፣ ዙሪያዋ ቀላ ያለ፣ መሐሏ የገረጣ። ታሳክካለች። ሸረሪት ሸንቶብኝ ይሆናል ብላ ሎሚ አሸችበት። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ከጎኗ ተወለደች። ሦስተኛዋ ከክርኗ ሥር ብቅ ስትል ውበቴ በረንዳው ላይ የሰው ራስ ይዛ ነበር፣ ወስፌው ከእጇ ወደቀ። ደንበኛዋ ምነው ስትላት እጄ ዛለ አለች።

ዛለ! የዛለስ እጇ አልነበረም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ገባባት፣ የገባ ፍርሃት ደግሞ አልወጣ አላት። በጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምታየው ጣቶቿን ነው። አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ቀጥላ በስባሪ መስተዋት ቅንድቧን ታያለች፣ ቁምጥና ሲጀምር ቅንድብ ይመልጣል ሲባል ሰምታለችና። አንድ ቀን ሁለት የቅንድብ ጠጉር ጣቷ ላይ ቀርቶ አየች፣ ሙሉ ቀን ውሃ አልወረደላትም። ክንዷን በሹራብ ሸፈነች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ሰው እንዳይነካት ከግንቡ ጥግ ትቆማለች። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብላ ታስብና ትመለሳለች። የጤና ጣቢያው ነርሶች ሁሉ ራሳቸውን የሚሠሩት እሷ ዘንድ ነው፣ እዚያ ጉልበት ሥር ወሬ እንዴት እንደሚፈላ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሁሉ ያስፈራት ግን መሐላዋ ነበር። ምልክቱ የወጣው በቀኝ ክንዷ ነው፣ ወንጌሉ ላይ ያሳረፈችውም ቀኝ እጇን ነው። አያቴን ስለካድኩ እግዚአብሔር የአያቴን ደዌ ሰጠኝ አለች። ይህን ካሰበች በኋላ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም።

እንዲጠፋላት ከአጥሩ ላይ ቁልቋል ሰበረች። ወተቱን በእንጨት ጫፍ እየነካች በሦስቱም ላይ አደረገችው። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ላይማ ምን እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱት። አበጠ፣ ፈነዳ፣ ጠቆረ፣ ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ሆነ። በአምስተኛው ቀን በሩን ዘግታ ወስፌዋን አነሣች። ቁምጥና ያለበት ቦታ ሲወጉት አይሰማም ይባላል። የወስፌውን ጫፍ ከጠቆረው መሐል አሳረፈችና ጫን አለች። ወስፌው ገባ። ምንም አልተሰማትም። ጨመር አድርጋ ተጫነች። አሁንም ምንም የለም።

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ምን ቀረኝ እየጮኸ መጥቶ ክንዷን ሊልስ ሲል እንዳላስይዘው ብላ በእግሯ ገፋችው። ልብ በሉ፣ ለውሻው ነው የፈራችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻውን ከደጅ አሰረችው፣ እሱም ምን በደልኩ እያለ ያላዝን ጀመር። ለደንበኞቿ ቁርጥማት ያዘኝ አለች። የሠርግ ወር እየመጣ፣ ሙሽሮች በር ላይ እየቆሙ፣ አንድ ራስ ሳትነካ ታኅሣሥን ጨረሰች።

መክሊት በየሳምንቱ መጨረሻ ከሉማሜ ትመጣለች። ኅዳር ላይ እናቷ ሹሩባዋን ሠርታላት ነበር፣ አሁን ለሠርጓም እንድትሠራት ትጠይቃለች። ውበቴ ሌላ ሰው ይሥራሽ ትላታለች። ልጅቱ በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ገረማት፣ በመጨረሻ ከፋት። የከተማውን ሴት ሁሉ ስትሠሪ ኖረሽ ለእኔ ሲሆን እጅሽ ታመመ ብላ አኮረፈች። ልጇ ስታቅፋት ትንፋሿን ይዛ ነው የምትቆመው።

ነገሩን እንዲህ አሰላች። ከሠርጉ በኋላ ቢታወቅ መክሊት ከነሆዷ ትባረራለች፣ አዋርደሽናል ይሏታል። ከሠርጉ በፊት ከተነገራቸው ግን ቁርጡ ይታወቃል፣ ያ የሐሰት መሐላም ከአንገቷ ይወርዳል፣ ምናልባትም እግዚአብሔር ቁጣውን ከልጇ ያርቃል። ምናልባት ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ እውነቱን ስለተናገርሽ ብለው ልጅቱን ይቀበሏት ይሆናል። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ የሚፈራው ነገር እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶት ሮጦ ሄዶ ራሱ ይጠራዋል። በጥምቀት ማግሥት ማክሰኞ ለመክሊት ትንፍሽ ሳትል አውቶቡስ ተሳፍራ ሞጣ ወረደች።

አቶ ሣህለ ማርያምና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለች በደስታ ነው የተቀበሏት። ጠላ ተቀዳላት፣ ከድንኳኑ እስከ ሰንጋው የተሰናዳው ሁሉ ተነገራት። ውበቴ አንዴ ተጎንጭታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ሁሉንም ተናገረችው። ጎጆዋን፣ ቅሉን፣ ጣቶቹን፣ ወባ ነው መባሉን። ሹራቧን ሰብስባ ክንዷንም አሳየቻቸው። ስትጨርስ አቶ ሣህለ ማርያም መሬት መሬቱን ያያሉ። ወይዘሮ አምሳለች ተነሥተው ውበቴ የጠጣችበትን ብርጭቆ በነጠላቸው ጫፍ አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲሰበር ተሰማ።

አቶ ሣህለ ማርያም እስከ እሑድ እንመክራለን፣ እርስዎም ለማንም አይንገሩ፣ እኛም አንናገርም አሏት። እስከ በር ሸኟት እንጂ እጅ አልነሷትም፣ እጇንም አልጨበጧትም።

ሐሙስ ዕለት መክሊት የሠርግ ፈቃዷን ወስዳ ከሉማሜ ገባች። ኩርፊያዋ አልለቀቃትም። ዕቃዋን አስቀምጣ፣ ሻሿን ፈትታ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጠጉሯን በጣቷ ገለጥ አድርጋ እዪልኝ እስቲ አለች። ሃምሳ ሳንቲም የምታህል ክብ። ጠጉሩ ረግፎ ቆዳው አመድ መስሏል።

ውበቴ ግድግዳውን ያዘች። ሠርጉም፣ ሞጣም፣ መሐላውም ከራሷ ጠፋ። ልጄን በእጄ አስያዝኳት የሚለው ብቻ ቀረ። ኅዳር ላይ ስትሠራት በየትኛው ጣቷ እንደነካቻት፣ ቅቤውን ከየት አንሥታ የት እንዳሸች አንድ በአንድ ታያት። አፏ የቻለው አንድ ቃል ነው።

"ገደልኩሽ።"

መክሊት አፈጠጠችባት። "በጭርት ሰው ሞቶ ያውቃል እንዴ እማዬ?"

ውበቴ ሹራቧን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። መክሊት ክንዷን ይዛ ወደ ብርሃን ወሰደችው። ከጠቆረው በታች አንዲት ገና ያልተነካች ትንሽ ክብ ነበረች። አየቻት፣ ከራሷ ጋር አስተያየች፣ ከዚያም ሳቅ አመለጣት። ተማሪዎቿ ግማሹ ይኸው ነው ያለባቸው፣ ቀለበት የሚመስል ጭርት። እኛን ከማን እንደያዘን ደግሞ ልንገርሽ ብላ ወደ በሩ አመለከተች። ምን ቀረኝ ገመዱን ወጥሮ፣ የተመለጠ አፍንጫውን በበሩ ስንጥቅ አስገብቶ ያያቸዋል። መክሊት በመጣች ቁጥር ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፎ የሚተኛ ውሻ ነው።

አርብ ጠዋት ሁለቱም ውሻውን እየጎተቱ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወረዱ። ሐኪሙ አምባቸው ይባላል፣ ሚስቱ የውበቴ ደንበኛ ናት። ሰውየው ነገር አያበዛም። የውሻውን አፍንጫ ያዘ፣ ከተመለጠው ዳር ጥቂት ጠጉር ነቅሎ በአጉሊ መነጽር አየ፣ ጥቁሩን ዘይት አሸተተና ማን ቀባው ብሎ ተቆጣ። እከክ አይደለም አለ፣ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ጠጉሩን ከሥሩ ይበላዋል፣ ለዚያ ነው ክብ ሆኖ የሚረግፈው። ከውሻ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት ይሄዳል፣ በማበጠሪያም ጭምር። ዘይቱ ደግሞ ቆዳውን ከማቁሰል በቀር ምንም አልረባውም።

ከዚያ ወደ ውበቴ ዞሮ ክንዷን አየና ይህ ውሻ ክንድሽ ላይ ምን ያደርጋል አለ። ውበቴ መሬቱን እያየች ቅቤውንም ቁልቋሉንም ተናገረች። መክሊት አፏን በነጠላ ያዘች። አምባቸው ግን አልሳቀም። ቅቤ የነካው ቆዳ ርሶ ይውላል፣ በሽተኛ አፍንጫ በየቀኑ ሲያሸው ካልያዘው ምን ሊይዘው ነው አለ።

"ግን ስወጋው አይሰማኝም" አለች ውበቴ በመጨረሻ።

"በቁልቋል የገደልሽው ቆዳ እኮ ነው እትዬ ውበቴ፣ ምን ሊሰማው?" አለና የመርፌ ጫፍ ገና ባልተነካችው ክብ ላይ ጠቅ አደረጋት። ውበቴ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ላካቸው። እዚያም ነርሷ አየች፣ የጤና መኮንኑ አየ፣ ጭርት ነው አሉ። ለውበቴ የሚቀባ፣ ለመክሊት የራስ ስለሆነ ለሳምንታት የሚዋጥ ኪኒን ሰጡ፣ ሚዶና ወስፌዋንም በበረኪና እንድትዘፈዝፍ አዘዟት። ቁምጥና እንዳይሆን ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቅ መኮንኑ ክንዷን እንደገና አይቶ አይደለም አለ። ጻፍልኝ አለችው። ግራ ቢገባውም በማኅተም ጻፈላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ውበቴ መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ሰው እስኪያያት ሳቀች። እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ ትስቃለች። ከዚያ ሳቁ ቀጥ አለ። ሞጣ ትዝ አላት። ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው።

መክሊት ምን ሆንሽ ብትላት ምንም አለች። አሁን ቢሆን መናገር ትችል ነበር። እኔ ብሆን እናገር ነበር ማለት ቀላል ነው። እሷ ግን ነገ ሮጬ ሁሉን አስተካክዬ ስመለስ ልጄ ሳትሰማው ያልፋል አለች።

በማግሥቱ ማለዳ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ወጣች፣ ውሻውንም ይዛ ነው የወጣችው። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም ብላ ፈራች፣ ወይዘሮ አምሳለች ማንበብ አይችሉም። ዓይን ግን ያያል፣ የውሻው ክብና የክንዷ ክብ አንድ ነው፣ ውሻ ደግሞ ቁምጥና አይዘውም። አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም ስላለ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ እንደ በግ ከፍላለት ተሳፈሩ። ምን ቀረኝ መኪና አያውቅም። ሙሉውን መንገድ ተንቀጠቀጠባት፣ እሷም ተንቀጠቀጠችበት። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ የምትለውን ደገመችው፣ ሞጣ ሲገቡ ጠፋባት።

የአቶ ሣህለ ማርያም ግቢ ስትደርስ ድንኳኑ አልተተከለም። አጣናው በአጥሩ ጥግ ተጋድሟል። ገብታ ወረቀቱን ሰጠች፣ ውሻውን መሐል ቤት አቆመች፣ ሹራቧን ሰበሰበች፣ ቅቤውንም ሳይቀር ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። አቶ ሣህለ ማርያም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ጎንበስ ብለው የውሻውን አፍንጫ አዩ። ቀጥለው ክንዷን ያዙ፣ በባዶ እጃቸው ያዙት፣ ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት። ወይዘሮ አምሳለች እፎይ ሲሉ ተሰማ። ውበቴ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

አቶ ሣህለ ማርያም ክንዷን ቀስ ብለው ለቀው ተቀመጡ።

"እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። ስለ ክንድዎ ውሻውንም ወረቀቱንም አምነናል" አሏት። ቀጥለው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አያትዎን ግን ምን እናድርጋቸው?"

ውበቴ ወረቀቱን እንደገና ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች።

"እኛ አላወቅንም ነበር። ሞጣ ውስጥ የሚያውቅም አልቀረም፣ ጠይቀን አጣርተን ነው የመጣነው። እርስዎ ነዎት የነገሩን። ከሰማሁ በኋላ እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም።"

ሐኪሞች በዘር አይወርድም ይላሉ ለማለት ሞከረች። አቶ ሣህለ ማርያም አልተቃወሟትም፣ ይላሉ ብቻ አሏት። ወንጌል ተነክቶ የተዋሸውንም አነሡ፣ ያም ቢሆን ድምፃቸውን ሳያነሡ ነው። ወይዘሮ አምሳለች ያለቅሱ ነበር። ምናለ ዝም ብትዪ፣ ምናለ አራት ቀን ብትታገሺ እያሉ ያለቅሱ ነበር። ያን ሰዓት ውበቴን ውሻዋ ባይጎትታት ከዚያ ቤት መውጣቷንም እንጃ።

ቢቸና ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መክሊት በረንዳው ላይ ሚዶዎቹን ከበረኪናው እያወጣች ታሰጣ ነበር። ኩርፊያዋ ለቋታል። ውሻውን ዘመድ ጥየቃ ይዘሽው ሄድሽ ብላ ልትቀልድ ስትል የእናቷን ፊት አይታ ተወችው።

ውበቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ክንዷን በወስፌ ስትወጋም፣ ብርጭቆው ሲሰበርም እንዲህ አልፈራችም። ልጇን ቀና ብላ ሳታይ ከጎጆዋ ጀምራ ነገረቻት፣ ማክሰኞም ዛሬም ሞጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ውሻው የሰጠን ጭርት ነው፣ ሠርግሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ አለቻት። እንድትጮህባት ጠበቀች። እንድትመታት እንኳ ጠበቀች።

መክሊት በእጇ የነበረውን ሚዶ ከሌሎቹ አጠገብ አስተካክላ አስቀመጠችው።

"ለእነሱ ከመንገር ይልቅ" አለች፣ "ለእኔ መንገር ነው ያስፈራሽ?"

ውበቴ አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። በማግሥቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሠርጉ ቀርቷል አሉና ቡና እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ሰኞ መክሊት ኪኒኗን ይዛ ወደ ሉማሜ ተመለሰች፣ ለሽታሁን ሁሉን እኔው እነግረዋለሁ ብላ።